እኔ የተረጎምኳት በቅሎ

ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነበርኩ። ዕድሜዬን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምትሰሙትን ሥራ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሠራችው ብላችሁ እንዳትምሩኝ ነው። ባል ያገባሁ፣ አንድ ልጅ የወለድኩ፣ ገርጂ ላይ የአባቴን ሱቅ ቁልፍ በአንገቴ አንጠልጥዬ የምዞር ሙሉ ሰው ነበርኩ።

ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። እናታችን ስትሞት ሱቁን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ታላቅ እህቴ ዘሀራ ጅዳ ሄዳለች፤ ወንድሜ ሰይድ ገና አፍንጫውን መጥረግ አልለመደም፤ አባቴ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ ይውላል። «ለአንድ ዓመት ብቻ ያዢልኝ» አለኝ። እኔም ያዝኩለት። ይህ ታሪክ በሆነበት ጊዜ ያ አንድ ዓመት አሥራ ሁለት ሞልቶት ነበር።

እንግሊዝኛን ግን አላቆምኩም። ሱቅ የተቀመጠ ሰው ማንበብ ከፈለገ የሚነበብ አያጣም። የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ፣ የባትሪ ድንጋዩን ማሸጊያ፣ የትንኝ መድኃኒቱን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ደጋግሜ አንብቤ በቃሌ ይዣለሁ። መዝገበ ቃላትም ነበረኝ። በኪሎ ከገዛነው የመጠቅለያ ወረቀት መሐል ያገኘሁት ነው። እኔ ሳልደርስለት ግን የፊተኛው ክፍል በርበሬ ተጠቅልሎበት አልቋል፤ የሚጀምረው ከአራተኛው ፊደል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የሚጀምር የእንግሊዝ ቃል ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ አንገቴን አዞራለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ጠይቁኝ። «በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን የእንግሊዝ ዓረፍተ ነገር እንደ እኔ አሳምሮ የሚያነብ ሰው ከገርጂ እስከ ቦሌ አልነበረም።

አባቴ በዚህ ይኮራል። ሰፈሩ ጋሽ ይመር ይለዋል። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ወሎ ውስጥ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ በቅሎ እየጫነ ከቆላ ደጋ ሲመላለስ ነው ጎልማሳነቱ ያለፈው። ራሱ ማንበብ አይችልም። «እኔ በቅሎ ዐውቃለሁ፣ ልጄ እንግሊዝኛ ታውቃለች» ይላል፤ ሁለቱን እኩል አድርጎ። ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ አቁሞ አንድ ቆርቆሮ ያነሣና «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» ይለኛል። አነብለታለሁ። ደንበኛው ስኳሩን ተቀብሎ ይሄዳል፤ አባቴ ግን ቀኑን ሙሉ ሲደሰት ይውላል።

ታዲያ በዚህ መሐል ዘሀራ ከጅዳ በሰው እጅ የቪዲዮ ዴክ ላከችልን። ከዴኩ ጋር አንድ ካሴት ነበር። ሽፋኑ ላይ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ከአንዲት ዳማ በቅሎ ጋር በረዶ ላይ ቆማለች። «የቤተሰብ ፊልም ነው፤ ነውር የለበትም ብለውኛል፤ ልጆቹን ሰብስባችሁ እዩት» ይላል ደብዳቤዋ። አባቴ ደብዳቤውን ከሰማ በኋላ ሽፋኑን ተቀብሎኝ በረንዳ ወጣና በፀሐይ እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው። ልጅቷን አይደለም።

«ጥሩ በቅሎ ናት» አለ ሲመለስ። «እሑድ ሰው እጠራለሁ። አንቺ ትተረጉሚያለሽ።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አባዬ፣ ፊልም እንደ ወተት ቆርቆሮ አይደለም ማለት ብቻ ነበረብኝ። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ስትመሰገኑ ከኖራችሁ አፋችሁ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ይረሳል። «ኢንሻ አላህ» አልኩና ሻሼን አስተካከልኩ።

ያን ጊዜ ታክሲ መንዳት የጀመረው ሰይድ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። «የባትሪ ድንጋይ ፊልም ቢሆን ይሻልሽ ነበር» አለኝ።

«አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ቤታችን የሠርግ ይሁን የለቅሶ እንጃ እንጂ ድንኳን መሰለ። አባቴ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች አስመጥቷል። ከፊት ጋሽ ቶላ ተቀመጡ። ጋሽ ቶላ ቤታችን የቆመበትን መሬት ገርጂ ከተማ ሳይሆን በፊት ጤፍ ያርሱበት የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ሳይፈቱ ነው የመጡት። ከጎናቸው ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ እንድሪስ። ከዚያ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት፣ ልጆች በየጭኑ። በሩ ጋ ደግሞ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየችው ሐያት ሕፃኗን አዝላ ቆመች። ሐያት አራት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ዝምተኛ ሴት ናት። ማንም ግቢ፣ ተቀመጪ አላላትም፤ እኔም ጭምር።

ሰይድ ካሴቱን ከተተው። ተራራ መጣ፣ በረዶ መጣ፣ ልጅቷ መጣች። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ ብቅ አለ።

የቁርአኑ ፊደል ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። እግሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ የነበረው ሁሉ ሰበሰበ። ጋሽ ቶላ ይህን አዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ጋሽ ቶላ፣ ግድ የለም፣ ፊልም እኮ ነው» አላቸው ሰይድ።

«የናንተ ፊደል አይደለም እንዴ? ባርኔጣ ምን ይሠራልኛል» አሉ።

ሼህ እንድሪስም መነጽራቸውን አደረጉና ጽሑፉን በዚያ ባማረ ድምፃቸው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እሳቸው በዓረብኛ ያዜማሉ፣ እኛ እንወዛወዛለን።

«ምን አለች ሼህ?» አለ አባቴ።

«እኔ የተማርኩት ቁርአኑን ነው፤ ይህ የመንደር ወሬ ነው፤ ትርጉሙ የለኝም» አሉ ሳይዋሹ። «ፊደሉን ግን አነባለሁ።» ጥቂት አነበቡና ጽሑፉ ፈጠነባቸው። «ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ አይሰጥም» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ የቆርቆሮ እንግሊዝኛ ነው። የቆርቆሮ እንግሊዝኛ ቆሞ ይጠብቃል። ይኼኛው ይሮጣል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ከድምፁ መሐል «ቤት» የምትለዋን አንዲት ቃል ለቀም አደረግሁ፤ ሌላው ሁሉ ከበርበሬው ጋር የሄደው ገጽ ላይ ነው። አባቴን አየሁት። አንገቱን ቀና አድርጎ ጋሽ ቶላን ከጎን ያያል፤ አሁን ስሟት የሚል ፊት ነው።

«አባቷ ጠፍቶባት ልትፈልገው ልትነሣ ነው» አልኩ።

«የት ሄደ?» አለ አባቴ።

«ለሥራ።»

«ጅዳ?»

«ወደዚያው ገደማ።»

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ሥራዬን በዚህ ጀመርኩ። አንድ ነገር ደግሞ ረዳኝ፤ ገርጂ የአውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ነው። ነገሩ ሲጠብብኝ አንድ አውሮፕላን በጣራችን ላይ ያልፋል፣ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ «ይሄ አውሮፕላን አላሰማኝም» እላለሁ። ከዚያ ቀን በፊት አውሮፕላን እረግም ነበር።

ልጅቷ በቅሎዋን ጭና መንገድ ጀመረች። አባቴ ወዲያው ተቁነጠነጠ። «ከጭነቱ ሥር ምንም አላነጠፉላትም። ገጣባ ልትሆን ነው። ይህን የጫነ ሰው በቅሎ አይቶ አያውቅም።» ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት በየአሥር ደቂቃው «ወደ ግራ አዘንብሏል» እያለ ነው የቆየው።

አንድ ጺማም ሰውዬ መጣ። እሳት አንድዶ ለልጅቷ ዳቦ ቆረሰላት።

«ማን ነው?» አሉ ጋሽ ቶላ።

«አጎቷ ነው።»

«በእናት ነው በአባት?»

ይህ ሳይታወቅ ፊልሙ መሄድ እንደማይችል ከፊታቸው ገባኝ። «በእናት» አልኩ።

«በእናት ከሆነስ ይራራላታል» አሉና ተደላደሉ።

ሲነጋ ያ የሚራራላት አጎት የበቅሎዋን ገመድ ፈትቶ ልጅቷን ተኝታ ጥሏት ሄደ። ሁሉም እኔን አየኝ፤ የሰረቅሁት እኔ ይመስል። «ሊያጠጣት ነው» አልኩ። ሰውዬው አንድ ኮረብታ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። «ውኃው ሩቅ ነው» አልኩ። ልጅቷ ሮጣ ደረሰችበትና ድንጋይ አንሥታ ግንባሩን አለችው።

ቤቱ ተናወጠ። «በአጎቷ ላይ?» «እንዲህ ያለች ባለጌ!» ጋሽ ቶላ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «እቺ ልጅ አባቷን ብታገኘውስ ምን ልታደርገው ነው?»

እኔ ደግሞ ልጅቷን ወድጃታለሁ። ፊቷ በብርድ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ በዚህ ላይ የሰደብናት እኛ ነን፤ አጎት ያደረግሁባት ደግሞ እኔ ነኝ። ስሟን ማደስ ነበረብኝ።

«ጋሽ ቶላ፣ በመካከላቸው ውርስ አለ» አልኩ።

ከዘራቸውን ከወለሉ አነሡ። «መሬት ነው?»

«መሬት ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ አትነግሪንም?» አሉ፤ ወደ ሕዝቡም ዞረው «መሬት ነው» ብለው አወጁ። ድንጋይዋን ሁሉም ይቅር አላት፤ እንዲያውም አንዷ ሴት ድንጋይዋ አነሰች አለች።

ይህም አልበቃ፤ ያው ሰውዬ ቀጥሎ ልጅቷን ከወንዝ አወጣት። ልብሱ እያንጠባጠበ አቀፋት፤ እሷም አቀፈችው።

«ታረቁ» አልኩ።

«ማን አስታረቃቸው?» አሉ ጋሽ ቶላ። «ሽማግሌ አላየሁም።»

ሼህ እንድሪስ ደረሱልኝ። «ውኃው አስታረቃቸው» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቀነቁና አለፈ።

ከዚያ በቅሎዋ ወደቀች። በረዶው ላይ ተንበረከከች፣ ከዚያ በጎኗ ተኛች። ልጅቷ አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች። አባቴ ይህን እያየ መቀመጥ አልቻለም። ተነሥቶ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

«ጭነቱን አውርጂላት» አላት። «አንገቷን ማቀፍሽ ምን ይጠቅማታል? ጭነቱን አውርጂ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች፣ ተነሣች፣ ጭነቱን ማውረድ ጀመረች።

ቤቱ በሙሉ አባቴን አየው። እሱም ቀስ ብሎ ተመለሰና ጋሽ ቶላ ጎን ተቀመጠ። «ሰማችኝ» አላቸው ዝግ ብሎ።

ጭነቱ ወረደ፤ በቅሎዋ ግን አልተነሣችም። ልጅቷ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ መናገር ጀመረች። ትናገራለች፣ ትናገራለች። ሌላ ድምፅ የለም፣ ሙዚቃ እንኳ የለም። አውሮፕላን ጠበቅሁ። ያን ቀን እንደዚያ ሲመላለሱ የዋሉት አውሮፕላኖች የት እንደገቡ እንጃ፣ አንድ እንኳ አላለፈም።

«ምን አለቻት?» አለ አባቴ። ድምፁ ቀጥኗል።

አፌን ከፈትኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም፤ በአላህ እምላለሁ አላሰብኩም።

«አንቺ በቅሎ፣ አለቻት። እንደምታይው ብቻዬን ነኝ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ጎደለበትና ከትምህርት ቤት አወጣኝ። ለአንድ ዓመት ነው አለኝ። እሺ አልኩት፤ ሲለምነኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነበር። ጓደኞቼ ደብተር ይዘው በበራችን ሲያልፉ እኔ ስኳር እመዝናለሁ።»

«ስኳር?» አለ ሰይድ።

«በረዶ» አልኩ።

«በረዶ ትመዝናለች?»

«ዝም በል አንተ፣ እነሱ አገር ይሸጣል» አሉት ጋሽ ቶላ እያለቀሱ።

«አልተቀየምኩትም፣ አለቻት። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ትምህርትሽስ እንዴት ሆነ ብሎ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ተነሺ። መንገድ አለብን፣ አለቻት።»

በቅሎዋ ተነሣች። እንዴት እንደዚያ እንደገጠመ አላውቅም፤ «አለቻት» ብዬ ሳልጨርስ እግሮቿን ሰብስባ ቆመች። ሴቶቹ እልል አሉ። ሼህ እንድሪስ በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። አባቴ ብቻ ቴሌቪዥኑን አያይም ነበር። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ እነሱን ያያል።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጅቷና ጺማሙ ሰውዬ አንድ ቤት በር ላይ ተቃቅፈው ቆመው ነበር። «አባቷ እመጣለሁ ብሎ ደብዳቤ ልኳል» ብዬ ዘጋሁት። ሰው ሲወጣ አንድ በአንድ አባቴን እየጨበጠ ነው። «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን።» «ጋሽ ይመር፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው እንዲህ አይናገሩም።» ጋሽ ቶላ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። የማልዋሽበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ኮርቻለሁ። ወሬው ውሸት መሆኑን እያወቅሁ በውሸቱ ኮራሁ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው አስለቅሼ፣ አንዲት በቅሎም አስነሥቻለሁ።

ሐያት ብርጭቆ ልታነሣልኝ ቀረች።

«ደስ የሚል ነው ያወራሽው፣ እቴ» አለችኝ።

«እንግሊዝኛ ትሰሚያለሽ?» አልኳት ደንገጥ ብዬ።

«እንግሊዝኛውን አልሰማም። ጽሑፉን አነበብኩት። ፊደሉን ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ለየሁት፤ ትርጉሙን ጅዳ ሰጠችኝ።»

እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩት። «እና ምን ይላል?»

«ሰውዬው አባቷ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«በድንጋይ የመታችው፣ አጎቷ ያልሽው።»

ቁጭ አልኩ። ሐያት ልጇን እያባበለች ቀጠለች። ሰውዬው ልጅቷ ሕፃን ሳለች ጥሏት የሄደ ነው። እሱ ዐውቋታል፣ እሷ አላወቀችውም። በቅሎዋን የወሰደው መንገዱ ስለሚያስፈራ ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ብሎ ነው።

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቅያሜ አልነበረበትም። «ደግሞ ያንቺን መስማት ፈለግሁ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ስል አባቴን ያየሁት። አግዳሚውን ሊወስድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ያ ሁሉ ዓመት የተገነባው ስሜ በአንድ ፊልም ሲፈርስ ይታየኝ ጀመር፤ ከኔ ይልቅ ደግሞ የሱ፤ ነገ ጋሽ ቶላ ቢሰሙስ?

«ሐያት፣ ልጅቷ ለበቅሎዋ ያለቻት ምንድን ነው?» አላት።

ሐያት እኔን አየችኝ። «ንገሪው» አልኳት።

«አትሙቺብኝ ነው ያለቻት፣ ጋሼ። ሌላው ስለ ቤታቸው ነው፤ እሳቱ ሙቅ ነው፣ ድርቆሽ አለልሽ ምናምን። ስለ ትምህርት ምንም አላነሣችም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ስለዚህ እንግሊዝኛውን አልሰማሽውም።»

«አልሰማሁም፣ አባዬ።»

«ምንም?»

«ቤት የምትለዋን ሰምቻለሁ።»

«ሌላውን ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር እስከ ዛሬ መተርጎም አልቻልኩም። የቁጣ አልነበረም። አግዳሚውን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አደረገና «አላህ ያቆይሽ» ብሎኝ ወጣ። ሐያትና እኔ ብርጭቆውን አጥበን ጨረስን። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር ሐያት አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እሷ በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ ለሰው አወራለሁ። ደርቀን የምንቀርበት ቦታ ላይ ትንሽ ጨው ጣል ባደርግ በክርኗ ትጎሽመኛለች እንጂ አታሳጣኝም።

አባቴም ስለኔ መናገሩን አልተወም። «እንግሊዝኛ» የምትለዋን ቃል ብቻ ቀነሳት። ቆርቆሮውን አንሥቶ ለደንበኛው «ልጄ ታውቃለች» ይላል፤ ምን እንደማውቅ አይናገርም።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበርና አባቴና ሰይድ ወሎ ሄዱ። ሰይድ እንደነገረኝ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አባቴ የበቅሎዋን ፊልም አወራላቸው። እውነተኛውን ከሐያት ሰምቶታል፤ ያወራላቸው ግን የኔን ነው። ሰውዬውን በእናት በኩል አጎት አደረገው፣ መሬቱንም አልተወውም። ልጅቷ ለበቅሎዋ የተናገረችውን ሲደርስ ስኳሩን ጭምር አንድ ቃል ሳይጥል ተናገረው። ሲጨርስ አንዲት አክስታችን «ኋላስ ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች ወይ?» ብለው ጠየቁት።

«አልቀጠለችም» አላቸው አባቴ። «ጥፋቱ የአባቷ ነው።» ከዚያ ውኃ ጠየቀ።